ወንድሜ ትራማዶል ማቆም አቃተው፤ ስናስቆመው ደግሞ ባሰበት

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከቡሬ ነው። ታላቅ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። በቆሎ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት መኪናው ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ አየው። አልሆን ሲል ሆስፒታል ገብቶ ብረት ተደረገለት። ሲወጣ ትራማዶል አዘዙለት። ማዘዣው ካለቀ በኋላም ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ቀጠለ። አሁን በቀን 14 ፍሬ ይውጣል። በቅርቡ ቁርስ ላይ ሳለ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ ዘመድ ሁሉ "ቡዳ በልቶት ነው" አለ። መድኃኒቱን ቀምተን ጠበል ወሰድነው። በሁለተኛው ቀን ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ሲንቆራጠጥ ያድራል፤ "ከግድግዳው ውስጥ ሰው ያወራል" ይላል። በአምስተኛው ቀን ጠፍቶ ሄዶ አረቄ ጠጣ፣ የድሮውንም ያህል ዋጠ። ያን ሌሊት ሲያንኮራፋ ከንፈሩ ጠቆረ። ብንጠራው አልሰማም። ውሃ ስንደፋበት ቆይቶ ነቃ። በሽታ ነው ወይስ መድኃኒቱ? ቤት ዘግተን እናቆየው? ሱስ የሚያስለቅቅ መርፌ አለ ይባላል፤ እውነት ነው? አዲስ አበባ ሳንሄድ እዚሁ ጎጃም መታከም ይችላል? እናታችንም ለጉልበቷ ማታ ማታ ከእሱ አንዲት ትውጣለች፤ ይጎዳታል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሁሉንም እመልስልሻለሁ። ግን ቅደም ተከተሉን ቀይሬ በዚያች ሌሊት ልጀምር። አንቺ በሁለት መስመር አልፈሻታል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

ትራማዶል ከሞርፊን፣ ከፔቲዲንና ከኮዴይን ጋር ኦፒዮይድ ከሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን የሚያስታግሱት አንጎል ላይ ሠርተው ነው። ትንፋሻችንን የሚያዘው ክፍልም እዚያው አንጎል ውስጥ ነው። መጠኑ ሲበዛ እሱንም ያፈዙታል። ሰውየው ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ያንኮራፋል። በአንዱ ትንፋሽና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። የዓይኑ ብሌን በጣም ይጠብባል። ካልተደረሰለት ትንፋሹ ይቆማል። ወንድምሽ ያን ሌሊት የነበረው እዚህ ጫፍ ላይ ነው። እንቅልፍ አልነበረም።

"ድሮም የሚውጠው ያንኑ ነው፤ ምን ተለየ?" ትይኝ ይሆናል። የተለየው ሰውነቱ ነው። ትራማዶል በየቀኑ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል። በመጀመሪያው ወር የሚጥለው መጠን በስድስተኛው ወር ምንም አይመስለውም። ሲቋረጥ ግን ይህ ልማድ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ወንድምሽ አምስት ቀን ቆየ። ከዚያ የድሮውን ያህል ዋጠ። ሰውነቱ ግን የድሮው አልነበረም። አረቄው ተጨመረበት። አልኮልም ራሱን ችሎ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ። ዲያዚፓምና ሌሎች የእንቅልፍ ኪኒኖችም እንደዚሁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም 125,000 ያህል ሰዎች በኦፒዮይድ መብዛት ሞተዋል። አደጋው በጣም ከፍ ከሚልባቸው ጊዜያት አንዱ ደግሞ ሰው ለጥቂት ሳምንት አቁሞ፣ ወይ ከእስር ቤት፣ ወይ ከሕክምና ወጥቶ የተመለሰበት ሰሞን ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። ወንድምሽ "አቆመ" ተብሎ ቤቱ እፎይ ያለበት ሳምንት በጣም ልትጠነቀቁለት የሚገባው ሳምንት ነው።

እንዲህ ያለ ሌሊት ከተደገመ በስሙ ጥሪው፣ ትከሻውን ነቅንቂው። ካልሰማ የደረቱን መሐል አጥንት በጉልበት አሺው። አሁንም ካልነቃ ደረቱን እያየሽ ቁጠሪ። በደቂቃ ከአሥር ጊዜ በታች የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጊዜ የለሽም። አንድ ሰው መኪና ወይም ባጃጅ ይፈልግ። አንቺ በጀርባው አስተኚው፣ አገጩን ወደ ላይ አንሺና የአየር መንገዱን ክፈቺ። አፍንጫውን ይዘሽ በአፉ ትንፋሽ ስጪው፤ በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ። ስትነፊ ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለብሽ። ጭራሽ የማይተነፍስና ምንም የሕይወት ምልክት የሌለው ከሆነ ደረቱን መጫንም ያስፈልጋል። ራሱን ስቶ ግን በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኚው፤ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው። በባጃጅ ስትወስዱትም አገጩ ደረቱ ላይ ተደፍቶ እንዲቀመጥ አታድርጉ። በጎን ይተኛ፣ አንድ ሰው አንገቱን ይያዝለት።

ውሃ መድፋት፣ ቡና ወይም ወተት መጋት፣ ጣት ከትቶ ማስመለስ አይረዳም። የተጋተው ነገር ወደ ሳንባው ይገባል። "ተኝቶ ይውጣለት" ብሎ መተውማ ከሁሉ የከፋ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ አትደብቁ። "ትራማዶል ነው፣ ይህን ያህል ፍሬ ነው፣ አረቄም አለበት" በሉ። ባዶውን ፓኬት አሳዩ። ናሎክሶን የሚባል የኦፒዮይድን ሥራ የሚሽር መድኃኒት አለ፤ በመርፌ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽን ይመልሳል። ጉልበቱ ግን ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ ትራማዶሉ ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ነቃ ብላችሁ ወዲያው ይዛችሁት አትውጡ። ትራማዶል ላይ ናሎክሶን ሁሉንም ነገር አይሽርም፤ መንፈራገጥ ካለ ሐኪሙ ለእሱ ሌላ መድኃኒት ይጨምራል።

አሁን ወደ መንፈራገጡ ልምጣ።

ትራማዶል እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን ውስጥ ግሩነንታል በተባለ ኩባንያ የተሠራና በ1977 ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ነው። ለብዙ ዓመታት "ቀላል ነው፣ ሱስ አያስይዝም" ሲባል ኖሯል። ከሌሎቹ ኦፒዮይዶች የሚለየው ሥራው ሁለት መሆኑ ነው። በአንድ በኩል እንደ ሞርፊን ይሠራል። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን የሚባሉ የአንጎል ኬሚካሎች እንዲጨምሩ ያደርጋል። መጠኑ ሲበዛ አንጎልን ለመንፈራገጥ የሚያጋልጠው ለዚህ ነው። ለአዋቂ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በቀን 400 ሚሊግራም ነው። ባለ 50 ሚሊግራሙ ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። ወንድምሽ 14 ይውጣል፤ 700 ሚሊግራም። ፓኬቱን አገላብጠሽ እዪው፤ ባለ 100 ከሆነ የምናወራው ስለ 1,400 ነው። እንዲህ የሚወስድ ሰው ቁርስ ላይ ወድቆ ቢንፈራገጥ ምክንያቱን ሩቅ አልፈልግም። የጎረቤት ዓይን አይደለም። ማንንም አትጠርጥሩ፣ ከማንም አትቀያየሙ።

አንድ ነገር ግን ሐኪሙ ማጣራት አለበት። መኪናው ሲገለበጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር? ራሱን ስቶ ነበር? የጭንቅላት ጉዳት ከወራት፣ ከዓመትም በኋላ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አጥንቱ ሲጠገን ይህ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ሲንፈራገጥ በስልክ የቀረጸ ሰው ካለ ለሐኪሙ አሳዩት።

ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር። ጥርሱ መሐል ማንኪያ መክተትም ይቅር፤ ጥርስ ይሰብራል፣ ያንቀዋል። ከምድጃና ከስለት ነገር አርቁት፣ ከራሱ ሥር ጋቢ አድርጉለት፣ ሲያበቃ በጎኑ አዙሩት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ለጊዜው መሪ አይያዝ። ሥራው ነው፣ እንጀራው ነው፤ አውቃለሁ። ግን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ ቢጥለው የሚሞተው እሱ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያን የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር። ትራማዶል ከተዋጠ በኋላ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ይቀይረውና ከበፊቱ እጅግ የበረታ ኦፒዮይድ ያደርገዋል። ይህ ኢንዛይም በአንዳንድ ሰው ላይ በተፈጥሮ ከመጠን በላይ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ የሚያጋልጠውን፣ ከወላጅ የሚወረስ ተደራራቢ ጂን እንደያዙ አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አንድ አንድ ፍሬ ቢውጡ አንዱ ምንም ላይሰማው፣ ሌላው ሊጦዝ ይችላል። "ጓደኛዬ እኮ አምስት ይወስዳል፣ ምንም አይሆንም" የሚለው ወሬ የማይሠራው ለዚህ ነው። ኮዴይን ያለባቸው የሳል ሽሮፖችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለምታጠባ እናት ሁለቱንም አትስጡ።

ጠበል ቦታ ያያችሁት ምን ነበር? እሱ ሐራራው ነው። ሰውነት ለምዶ የቆየው ነገር በአንድ ጊዜ ሲቀርበት የሚያሳየው ሕመም ነው። ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ያዛጋል፣ አፍንጫውና ዓይኑ ያፈሳል፣ ያልበዋል፣ ይበርደዋል፣ ቁርጥማቱ ይነሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ እግሩ አላርፍ ይለዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይበርዳል። የእንቅልፍ እጦቱና የሆድ ባር ባር ማለቱ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ትራማዶል ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከስምንት ሰው አንዱ ገደማ ሲያቆም ከፍተኛ ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ይገጥመዋል። "ከግድግዳው ውስጥ ሰው ያወራል" ያለው ይህን ነው። አላበደም። እንደዚህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። እስኪያልፍ ግን ሐኪም አጠገቡ መኖር አለበት፤ እየፈራ ያለ ሰው ሮጦ ገደል ሊገባ ይችላል።

ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግሽ ዓባይ ሄዶ መጠመቅ ለሕዝባችን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጠበሉን ተዉ አልልም። የምለምናችሁ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ነጥቃችሁ እንዳትወስዱት ነው። በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ፣ ከዚያ ላይ የሐራራው ተቅማጥ፣ ከዚያ ላይ ጾም። የኦፒዮይድ ሐራራ ብቻውን እምብዛም አይገድልም፤ የሰውነት ውሃ ማለቅ ግን ይገድላል። በሰንሰለት ማሰርና ቤት መዝጋትም ይቅር። የታሰረ ሰው ሲንፈራገጥ ይሰበራል፣ ሲያስመልሰው ይታነቃል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ቀጥታ የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ ያውም ልማዱ በቀነሰ ሰውነት። ንስሐ አባታችሁን አስረዱ። ብዙ ካህናት ሲነገራቸው ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህም ያው ነው። ንስሐ አባቱ "ልጄ፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ጠብቅ፣ ጠዋት ጠዋት ተጠመቅ" ቢሉት ከእኔ ምክር ይበልጥ ይሰማቸዋል።

ታዲያ እንዴት ያቁም?

ወንድምሽ ሹፌር ስለሆነ በእሱ ቋንቋ ልንገርሽ። የተጫነ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ ፍሬን ብቻ እየረገጡ አይወረድም፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ተብሎ ነው። ትራማዶልም እንደዚያ ይወረዳል። ሐኪሙ አሁን በቀን በትክክል ስንት እንደሚወስድ ያውቅና ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ ከቀኑ መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ይቀነሳል። ወንድምሽ ግን አንዴ ተንፈራግጧል፤ ከ400 በላይ መቆየቱ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን ክፍል ሆስፒታል ተኝቶ ፈጠን አድርጎ መውረድ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን ቤት ውስጥ በራሳችሁ ሒሳብ አትሞክሩት። ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ድረስ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትቁረጡበት፤ ከሚወስደው በላይ አይጨምር፣ አረቄ አይቅመስ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ሳይሆን ቀኑን ከፋፍሎ ይውሰድ። ኪኒኑን አንድ ሰው ይያዘው። እሱ የሚያምነው ሰው መሆን አለበት፤ የሚጮህበት ሰው ከሆነ ደብቆ ይገዛል።

በመውረዱ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሕመም ማስታገሻ አለ። ለተቅማጡ ሎፔራሚድ፣ ለቁርጥማቱ ኢቡፕሮፌን፣ ለላቡና ለመንቆራጠጡ ክሎኒዲን፣ ለድርቀቱ ኦ አር ኤስ። ክሎኒዲን የደም ግፊት ስለሚጥል ሐኪም ሳይለካው አይወሰድም። ለእንቅልፉ ብሎ ጎረቤት አሚትሪፕቲሊን ቢሰጠው አትቀበሉ። እሱና ፍሉኦክሴቲንን የመሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ከትራማዶል ጋር ሲገናኙ መንፈራገጥን ያባብሳሉ፤ ሙቀት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት የሚያመጣ ከባድ መመረዝም አለ። ድብርት ካለበት ሐኪሙ ጊዜውን መርጦ ያክመዋል።

መርፌውን በተመለከተ፤ ወሬው ከእውነት ጋር የተቀላቀለ ነው። ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት አለ። አሜሪካ ውስጥ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2010 ለኦፒዮይድ ሱስ ተፈቅዷል። ኦፒዮይድ እንዳይሠራ በሩን ይዘጋል እንጂ ሱስን ነቅሎ አይጥልም። ሰውየው ቢያንስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ካቆመ በኋላ ካልሆነ መውሰድ አይችልም። ትራማዶል በደሙ ውስጥ እያለ ከተወጋ ድንገት ከባድ ሐራራ ይጥልበታል። ትራማዶል ራሱ በመርፌ መልክ እንዳለም ልብ በይ። ስሙን የማይነግራችሁ ሰው "ይህ ያስለቅቀዋል" ብሎ ቢወጋው እፎይታው ከየት እንደመጣ አታውቁም። ስሙና መጠኑ በካርድ ላይ ያልተጻፈ መርፌ አይወጋ።

በዓለም ላይ ለኦፒዮይድ ሱስ ጥሩ ማስረጃ ያላቸው መድኃኒቶች ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው። እነሱም ኦፒዮይድ ናቸው፤ ነገር ግን ለረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ሐራራውን ያስታግሳሉ፣ ሳያሰክሩ ሰውየውን ሥራው ላይ ያቆዩታል። በእነዚህ ሕክምና ላይ የቆዩ ሰዎች ሞት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ታንዛኒያ በ2011፣ ኬንያ በ2014 ሜታዶን ጀምረዋል፤ በዋናነት ለሄሮይን ተጠቂዎች። "ሱስን በሌላ ሱስ መተካት ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚድነው። ለወንድምሽ ግን የመጀመሪያው መንገድ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። እሱ ካልሠራ ስለ ሌላው ከሚያክመው ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

አዲስ አበባ የግድ አይደለም። ከቡሬ ብዙ ሳትርቁ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አለ። እዚያ ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ። ተኝቶ መታከም ካስፈለገው ሪፈር አጽፋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ትሄዳላችሁ። አዲስ አበባ አማኑኤል የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ አንዳንዴ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ስለዚህ ሐኪሙን መጀመሪያ በምታዩበት ቀን "መንገድ ቢዘጋ ምን እናድርግ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀነስበትን ሠንጠረዥ በወረቀት አጽፉ። በመሐል ኪኒኑ ቢያልቅና መጓዝ ባይቻል በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወረቀቱን አይቶ ሊረዳችሁ ይችላል።

"ፖሊስ ይይዘዋል" ብሎ እንዳይቀር። ለሕክምና የመጣ ሰው ምስጢር መጠበቅ የሐኪም ግዴታ ነው። ማዘዣ ሳይጠይቅ ለሁለት ዓመት የሸጠለት መድኃኒት ቤት ግን ዝም መባል የለበትም። ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ አነጋግሩት፤ የወንድምሽን ሁኔታ ንገሩት። ካልሰማ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ይህን ስል የበቀል ነገር እንዳይመስልሽ። የሌላ እናት ልጅ ነገ እዚያው ደጃፍ ይቆማል።

በዚህ ሁሉ መሐል ጭኑን አንርሳው። ወንድምሽ የጀመረው አሞት ነው። አሁንም ያመው ይሆናል። ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነትን ለሕመም የበለጠ ስሱ ሊያደርግ ይችላል፤ መድኃኒቱ በጨመረ ቁጥር ሕመሙም የሚጨምር የሚመስለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ሲወርድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ ሊብስበት ይችላል። "አየሽ፣ ያለ እሱ አልችልም" ይልሻል። ታገሱት። ግን ብረቱ ተንቀሳቅሶ፣ አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ ወይም አመርቅዞ እንደሆነ አዲስ ራጅ ይነሳ። ይህ ሳይታይ "ሱስ ነው" ብሎ ማለፍ በደል ነው። ፊዚዮቴራፒ ካገኘ ይሥራ። በየቀኑ ትንሽ መራመድ ራሱ መድኃኒት ነው።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ደንግጦ ለካንሰር ሕመምተኛው የታዘዘለትን ሞርፊን እንዳይደብቅ እለምናለሁ። በሐኪም ክትትል ለከባድ ሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ሞርፊን ሲያንሰው እንጂ ሲበዛበት አይታይም፤ እየጮኸ የሚሞት ሰው አለ።

ቢያገረሽበትስ? ሊያገረሽበት ይችላል። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛም መድኃኒቱን ይተዋል፣ ይመለሳል። ተመልሶ ከዋጠ "ይኸው፣ አይረባም" ብላችሁ አታባርሩት። የተባረረ ሰው ብቻውን ነው የሚውጠው፤ ብቻውን የሚውጥ ሰው ከንፈሩ ሲጠቁር የሚያይለት የለም። ከፊቱ ይህን ተነጋገሩ፦ "ብትወስድም አትደብቀን፣ ከድሮው መጠን አትጀምር፣ አረቄ አትደባልቅ፣ በርህን አትቆልፍ።" ይህን ማለት ፈቃድ መስጠት አይደለም። ጎን ለጎን ቀኑን የሚሞላ ነገር ያስፈልገዋል። መኪና መንዳት እስኪፈቀድለት ድረስ በቆሎ መጫኛ ላይ ሒሳብ መያዝ፣ ሚዛን ላይ መቆም፣ ከብት ማድለብ ይችላል። መጠኑን ቀንሰው ያቆሙ ወጣቶች እንደገና ወደ ክኒኑ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡና የድሮ ጓደኛ ሲመጣ ነው። ገንዘብ በእጁ ሲገባ፣ ሲከፋውና እግሩ ሲጠዘጥዘው ማን ጋ እንደሚደውል አሁን ይወስን። ያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ለእሱ ብለሽ ስትጽፊ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ባዶ ፓኬቶቹን፣ የቀዶ ሕክምና ካርዱንና የድሮ ራጁን ያዙ። ሌላ የሚወስደው ነገር ካለ ጻፉት። ጫት ይቅም እንደሆነ፣ አረቄ በቀን ስንት እንደሚጠጣ እውነቱን ተናገሩ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ አረቄን በአንድ ጊዜ ማቆምም ራሱ ስለሚያንፈራግጥ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የእናታችሁ ነገር። ማታ ማታ አንዲት ፍሬ ለጊዜው እንደ ወንድምሽ አላደረጋትም። ግን በዕድሜ ለገፋ ሰው ትራማዶል ራስ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ይጥላታል። የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ከጉልበት ሕመም የከፋ ነው። የኩላሊት ወይም የሌላ በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁላት። በየቀኑ ለወራት ስትወስድ ከቆየች በሐኪም ምክር እያራራቀች ትተው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ከነበረ ማቆም ትችላለች። በምትኩ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከስድስት ፍሬ ሳይበልጥ፤ የጉበት በሽታ ከሌለባት። ጉልበቷን ግን ሐኪም ይየው። የእሷ ድርሻ የሚገኘው ከእሱ ኪስ ከሆነ ደግሞ እሱ ሲያቆም እናቱ ትራስ ሥር ይፈልገዋል። ከቤት ይውጣ፤ የተረፈውን ለመድኃኒት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ መልሱ።